ለተመለሰ ሊምፎማ ሪቱክሲማብ እንደገና ለምን? ከንቅለ ተከላ በኋላስ?

ጥያቄው፦ «አባቴ 61 ዓመቱ ነው። ዲፊዩዝ ላርጅ ቢ-ሴል ሊምፎማ ተብሎ አዲስ አበባ 6 ዙር አር-ቾፕ (ሪቱክሲማብ የተጨመረበት ኬሞ) ወሰደ፤ ሲጨርስ በሲቲ ስካን ምንም አልታየም። ከሁለት ዓመት በኋላ አንገቱ ላይ እንደገና አበጠ። አሁን ሕንድ ሄዶ አር-ጂዲፒ የሚባል ኬሞ ከወሰደ በኋላ የራሱን ስቴም ሴል ሰብስበው ንቅለ ተከላ እንደሚያደርጉለት ተነግሮናል። ሪቱክሲማብ በሽታውን ከመመለስ ካላገደው ለምን ድጋሚ ይሰጠዋል? የራሱ ሴል ተመልሶ ቢገባለትስ ምን ይጠቅመዋል? ከንቅለ ተከላው በኋላ ሪቱክሲማብ ይቀጥላል ያሉንም አሉ። የሄፓታይተስ ቢ ምርመራው ደግሞ አንዱ ፖዘቲቭ፣ አንዱ ነጌቲቭ ነው።»

ምላሽ፦

ከሁሉ አስቀድሞ፣ ያበጠው ንፍፊት እንደገና ናሙና ካልተወሰደለት «ተመልሷል» የሚለው ገና ግምት ነው። በአገራችን የንፍፊት ቲቢ ብዙ ነው፤ ኬሞና ስቴሮይድ የወሰደ ሰው ደግሞ ይበልጥ ይጋለጣል። ፔት ስካን (ስኳር በብዛት የሚወስድ ሴል የሚያበራበት ምስል) ላይ ቲቢውም ሊምፎማውም ያበራሉ፤ በምስል ብቻ መለየት አይቻልም። በቀጭን መርፌ የሚቀዳው ናሙና ለዚህ አይበቃም፤ ንፍፊቱ በሙሉ ቢወጣ፣ ካልሆነ በወፍራም መርፌ ቢወሰድ ነው የሚሻለው። ፓቶሎጂው ሲሠራ ሲዲ20 (በሊምፎማ ሴሉ ላይ ያለ ምልክት) እንዲመረመር በግልጽ ይጠየቅ። አንዳንድ ሊምፎማ ሪቱክሲማብ ከወሰዱ በኋላ ሲዲ20ን ከላዩ አራግፎ ይመለሳል። ሪቱክሲማብ የሚይዘው ይህንኑ ምልክት ስለሆነ፣ ምልክቱ ከሌለ መድኃኒቱ ወጪ ብቻ ይሆናል።

ሲዲ20 ካለ ግን ድጋሚ መስጠቱ ምክንያት አለው። ሪቱክሲማብ ብቻውን ይህን ዓይነቱን ፈጣን ሊምፎማ አያድንም። ሥራው ሴሉን ምልክት አድርጎ ለሰውነት መከላከያ ማሳየትና ለኬሞው በቀላሉ እንዲሸነፍ ማድረግ ነው። አቅሙ የታየውም ከኬሞ ጋር ሲደመር ነው። በ2002 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የታተመው የፈረንሳዮቹ ጥናት ከ60 እስከ 80 ዓመት የሆኑ 399 ታማሚዎችን ይዞ ነበር። በቾፕ ብቻ (ሪቱክሲማብ በሌለበት) በሽታው ሙሉ በሙሉ የጠፋላቸው 63 በመቶ ሲሆኑ፣ ሪቱክሲማብ ሲጨመር 76 በመቶ ሆኑ። አባትዎ ላይ መጀመሪያ የተሠራው ሥራም ለሁለት ዓመት ይዟል። ይህ «አልሠራም» የሚባል አይደለም። በመጀመሪያው ዙር መሃል ወይም ወዲያው በወራት ውስጥ የሚመለሰው ነው መድኃኒቱን የናቀው።

ይህ የጊዜ ልዩነት ዕቅዱን በሙሉ ይወስናል። ኮራል በተባለው ጥናት አር-አይስና አር-ዲሃፕ የሚባሉት ሁለት የኬሞ ጥምረቶች ሲነጻጸሩ እኩል ወጡ። ሰዎቹን በእርግጥ የለያቸው ሌላ ነገር ነበር። በሽታው ከተገኘ ከ12 ወር በኋላ ከተመለሰባቸው 45 በመቶው በ3 ዓመት ያለ ችግር ሲቆዩ፣ በ12 ወር ውስጥ ከተመለሰባቸው ግን 20 በመቶው ብቻ ነበሩ። ስለዚህም ነው ዛሬ ቶሎ ለተመለሰበት ሰው አቅሙ ያለው አገር ንቅለ ተከላውን ትቶ ወደ ካር-ቲ (የታማሚውን የመከላከያ ቲ ሴል በላቦራቶሪ ለውጦ ካንሰሩን እንዲያጠቃ መመለስ) የሚሄደው፤ በ2022 የታተሙት ዙማ-7 እና ትራንስፎርም የተባሉት ጥናቶች ያንን አሳይተዋል። አባትዎ በሁለት ዓመቱ ስለሆነ የተመለሰበት፣ የተነገራችሁ መንገድ ትክክለኛው መንገድ ነው፤ ካር-ቲ አልቀረበልንም ብላችሁ አትቆጩ።

የራሱ ሴል መመለሱ ምን ይጠቅማል ላሉት፦ ስቴም ሴሉ (ደም የሚያመነጨው የመቅኔ ሴል) ካንሰሩን አይነካም። ካንሰሩን የሚመታው ከዚያ በፊት ባሉት 6 ቀናት የሚሰጠው ከፍተኛ ኬሞ ነው። ያ መጠን መቅኔውን ክፉኛ ስለሚያወድመው፣ ማሳ ከመቃጠሉ በፊት ዘር እንደማስቀመጥ ሴሎቹ ቀድመው ይሰበሰቡና በመጨረሻ ይመለሳሉ። ፓርማ የተባለው በ1995 የታተመ ጥናት ይህን አረጋግጧል። ኬሞ ለበሽታቸው የሠራላቸው 109 ሰዎች ለሁለት ተከፍለው፣ በ5 ዓመት በሽታው ሳይመለስባቸው የቆዩት በተራው ኬሞ 12 በመቶ፣ በንቅለ ተከላ 46 በመቶ ነበሩ። «ኬሞ የሠራላቸው» የምትለዋን ልብ ይበሉ። ኬሞ ያልበገረውን በሽታ መጠኑን ከፍ አድርጎ መምታት ብዙ ጊዜ ሰውየውን ጎድቶ በሽታውን ይተዋል። ንቅለ ተከላው ለማን እንደሚገባ የሚወስነው ይኸው ነው።

እንግዲህ አር-ጂዲፒ ሁለት ሥራ አለው፤ በሽታውን መቀነስና በሽታው ለኬሞ የሚሰማ መሆኑን መፈተን። አወሳሰዱ እንዲህ ነው። ሪቱክሲማብ በካሬ ሜትር የሰውነት ስፋት 375 ሚሊግራም በ1ኛው ቀን፤ ጄምሲታቢን 1000 ሚሊግራም በ1ኛውና በ8ኛው ቀን፤ ሲስፕላቲን 75 ሚሊግራም በ1ኛው ቀን፤ ዴክሳሜታዞን በቀን 40 ሚሊግራም ከ1ኛው እስከ 4ኛው ቀን፤ በየ21 ቀኑ እየተደጋገመ። ጂዲፒ ከዲሃፕ ጋር በ619 ሰዎች ላይ ተነጻጽሮ በውጤት እኩል ሲሆን፣ ጉዳቱም ሆስፒታል መተኛቱም አንሶ ተገኝቷል። ለዚህም ነው ምርጫዬ የሚሆነው። የሚያስቸግረው ሲስፕላቲን ነው። ኩላሊቱ ደካማ ከሆነ በካርቦፕላቲን ይለወጣል። ካልተለወጠ ከመድኃኒቱ በፊትና በኋላ በርከት ያለ ጨዋማ ፈሳሽ በደም ሥር ይሰጥ፤ ማግኒዥየምና ፖታሺየም ይለካ፤ ጆሮው ከጮኸ ወይም እጅና እግሩ ከደነዘዘ ለቀጣዩ ዙር ሳይደበቅ ይነገር። በ8ኛው ቀን ፕላትሌት (ደም እንዲረጋ የሚያደርገው ሴል) ወርዶ ጄምሲታቢኑ ሊቀነስ ወይም ሊዘለል ይችላል፤ የተለመደ ስለሆነ አያስደንግጣችሁ።

ሪቱክሲማቡን በተመለከተ ትንሽ ዘርዘር ልበል፤ በአገራችን ቤተሰብ መድኃኒቱን ከፋርማሲ ገዝቶ ሲያመጣ ስለሚታይ። የሰውነት ስፋቱ 1.8 ካሬ ሜትር ቢሆን ስሌቱ 675 ሚሊግራም ይመጣል። ብልቃጡ 100 እና 500 ስለሆነ ብዙ ቦታ 700 ይሰጣል፤ የምታዩት ልዩነት ስህተት አይደለም። ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቀመጥ አለበት። የቀዘቀዘ የበረዶ ከረጢት ባለበት ሳጥን ይጓጓዝ፤ በረዶው ብልቃጡን በቀጥታ ከነካው መድኃኒቱ በርዶ ይበላሻል፤ አይወዝወዝም። ሌላ ኩባንያ የሚሠራው ባዮሲሚላር ርካሽ ነው፤ በታወቀ የመድኃኒት ቁጥጥር ተቋም የጸደቀ ከሆነ ያለ ስጋት ይወሰዳል። ሲሰጥ በሰዓት 50 ሚሊግራም ተጀምሮ በየግማሽ ሰዓቱ በ50 እየጨመረ እስከ 400 ይደርሳል። ከዚያ በፊት ፓራሲታሞል፣ የአለርጂ መድኃኒትና ስቴሮይድ ይሰጣል። ሁለት ዓመት ስለቆየና ሊምፎማው ስላለ፣ «ድሮ ተስማምቶታል» ብሎ በፍጥነት መጀመር አይገባም፤ እንደ አዲስ ይጀመር። ብርድ ብርድ ቢለው፣ ቢያንዘፈዝፈው ወይም ግፊቱ ቢወርድ ይቆማል፤ ሲረጋጋ በግማሽ ፍጥነት ይቀጥላል። የደም ግፊት ኪኒን የሚወስድ ከሆነ በዚያው ጠዋት ይቆይ ወይ ብላችሁ ጠይቁ።

ከ2 ዙር በኋላ ፔት ስካን ይነሣል። ምስሉ ላይ የቀረው ብርሃን ከጉበቱ ብርሃን ያልበለጠ ከሆነ ወደ ንቅለ ተከላ ይኬዳል። ካልጠፋ ግን ለሁለተኛ ጊዜ ሌላ ኬሞ ሞክሮ፣ ለሦስተኛ ጊዜ ሌላ ሞክሮ በግድ ወደ ንቅለ ተከላ መግፋት ጊዜና ገንዘብ ያባክናል። በዚያ ጊዜ ውይይቱ ስለ ካር-ቲ ወይም ሲዲ20ን በአንድ እጅ፣ የቲ ሴልን በሌላ እጅ ስለሚይዙት እንደ ግሎፊታማብ ያሉ አዳዲስ አንቲቦዲዎች ሊሆን ይገባል። ከመሄዳችሁ በፊት «ፔቱ ካልጠራ ዕቅዱ ምንድን ነው?» ብላችሁ በጽሑፍ መልስ ጠይቁ። ገንዘቡ ሁሉ ለንቅለ ተከላ ተቀምጦ እዚያ ላይ መቆም የብዙ ቤተሰብ ችግር ነው።

ስቴም ሴሉ የሚሰበሰበው ከ2ኛው ወይም ከ3ኛው ዙር ኬሞ በኋላ፣ ነጭ የደም ሴሉ ከወደቀበት ሲነሣ ነው። ፊልግራስቲም የሚባል መርፌ በየቀኑ ይሰጣል፤ በግምት ከ10ኛው እስከ 14ኛው ቀን ባለው ጊዜ ሲዲ34 የሚባል ምልክት ያላቸው ስቴም ሴሎች በደም ውስጥ ይቆጠራሉ። በቂ ሲሆኑ ማሽኑ ደሙን በአንድ በኩል ወስዶ ሴሉን ለይቶ በሌላ በኩል ይመልሳል፤ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ይፈጃል። በመሃሉ ከንፈርና ጣት መደንዘዝ ይመጣል። ደሙ እንዳይረጋ የሚጨመረው ሲትሬት ካልሲየምን ስለሚይዝ ነው፤ ወዲያው ይነገር፣ ካልሲየም ይሰጣል። ዝቅተኛው መጠን በኪሎ ክብደት 2 ሚሊዮን ሲዲ34 ሴል ነው፤ 5 ሚሊዮን ቢሆን ደሙ ቶሎ ይነሣል። ካልሞላ ፕሌሪክሳፎር የሚባል መርፌ ማታ ተወግቶ ጠዋት ይሰበሰባል። ውድ መድኃኒት ስለሆነ ዋጋው በግምቱ ውስጥ መኖሩን አረጋግጡ።

በጥያቄዎ ውስጥ የተደበቀው ዋና ነገር እዚህ ጋ ነው፤ ሪቱክሲማብ ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው ከመሰብሰቡ በፊት ነው። ስቴም ሴል ሲዲ20 የለውም፤ ስለዚህ አንቲቦዲው አይነካውም። በደም ውስጥ የሚዞር የሊምፎማ ሴል ካለ ግን ይመታዋል፤ የሚቀመጠው ከረጢት የጠራ ይሆናል። መድኃኒቱ በደም ውስጥ ለሳምንታት ስለሚቆይ በዙሩ 1ኛ ቀን መሰጠቱ ለመሰብሰቢያው ይደርሳል። ኬሞው የሚሰጥበትን ቦታ ለመምረጥም ይህ ይጠቅማችኋል። የመጀመሪያውን ዙር አዲስ አበባ መውሰድ ወጪ ይቀንሳል፤ ሴሉ የሚሰበሰብበት ዙር ግን ሪቱክሲማቡንም ጨምሮ ንቅለ ተከላው በሚደረግበት ሆስፒታል መሰጠት አለበት። እዚህ ወስዶ በ12ኛው ቀን አውሮፕላን ላይ የሚገኝ ሰው የመሰብሰቢያው ጊዜ አለፈው ማለት ነው፤ ነጭ ሴሉ ወርዶ በጉዞ ላይ መሆኑም ሌላ አደጋ ነው።

ከፍተኛው ኬሞ ቢም ይባላል። ንቅለ ተከላው ከሚውልበት 6 ቀን ቀድሞ ካርሙስቲን በካሬ ሜትር 300 ሚሊግራም፤ ከዚያ ለ4 ቀን ኢቶፖሳይድና ሳይታራቢን፤ በዋዜማው ሜልፋላን 140 ሚሊግራም። ካርሙስቲን የሚሟሟው በአልኮል ስለሆነ ፊቱ ይቀላል፣ ራሱን ያዞረዋል፤ ይህ ያልፋል። ሜልፋላን ሲሰጥ በረዶ አፉ ውስጥ ይያዝ፤ የአፍ ደም ሥሮች ጠበብ ስለሚሉ ቁስሉ በእጅጉ ይቀንሳል። ምንም ወጪ የሌለው ነገር ስለሆነ ነርሶቹ ባያነሡትም እናንተ ጠይቁ። ካርሙስቲን ሲጠፋ ወይም ሲወደድ በቤንዳሙስቲን ወይም በሎሙስቲን የሚተኩ ማዕከሎች አሉ፤ ይህም የሚያስኬድ ነው። በንቅለ ተከላው ቀን ከረጢቱ ቀልጦ እንደ ደም ይገባል። ማቆያው ኬሚካል ነጭ ሽንኩርት የመሰለ ሽታ አለው፤ ክፍሉም ሰውየውም ለአንድ ቀን ይሸታል። ነጭ ሴሉ ብዙ ጊዜ ከ10ኛው እስከ 12ኛው ቀን ይነሣል፤ ፕላትሌት ትንሽ ይዘገያል። እስከዚያ ያለው ትኩሳት እንደ ድንገተኛ ይታያል። ሙቀቱ 38 ከደረሰ አንቲባዮቲክ በአንድ ሰዓት ውስጥ ይጀመራል። ፓራሲታሞል ሰጥቶ «እስኪነጋ እንይ» ማለት ሰው ይገድላል። የሚሰጠው ደምና ፕላትሌት በጨረር የታከመ ይሁን። በዚህ ዓይነት ንቅለ ተከላ ራሱ ሕክምናው የሚገድላቸው ከመቶ ከ1 እስከ 3 ሰዎች ገደማ ናቸው፤ ልብና ሳንባ አስቀድሞ በደንብ ሲመረመር ቁጥሩ ዝቅ ይላል። አር-ቾፕ 6 ዙር በካሬ ሜትር 300 ሚሊግራም ዶክሶሩቢሲን ስለሆነ የልብ አልትራሳውንድ የግድ ነው።

ከንቅለ ተከላው በኋላ ሪቱክሲማብ ይቀጥል? ለአባትዎ ሊምፎማ፣ አይቀጥልም። ኮራል ጥናት ሁለተኛው ክፍሉ ይህንን ነበር የጠየቀው። 242 ሰዎች በዕጣ ተከፍለው ግማሹ በየ2 ወሩ ለ1 ዓመት ሪቱክሲማብ ወሰደ፣ ግማሹ ምንም አልወሰደም። በ4 ዓመት ያለ ችግር የቆዩት 52 እና 53 በመቶ ሆኑ። የነገሯችሁ ሰዎች ግን ከባዶ አልተነሡም። ማንትል ሴል በሚባለው ሌላ ሊምፎማ ላይ በ2017 የታተመው ሊማ ጥናት፣ ከንቅለ ተከላ በኋላ በየ2 ወሩ ለ3 ዓመት ሪቱክሲማብ ሲሰጥ የሞት ቁጥር እንደቀነሰ አሳይቷል፤ በ4 ዓመት በሕይወት የነበሩት 89 በመቶ፣ ሳይሰጣቸው ደግሞ 80 በመቶ ነበሩ። ልዩነቱ የበሽታው ዓይነት ነው። እንግዲህ አባትዎ ማንትል ሴል ካልሆነ፣ ለዚያ የሚወጣውን ገንዘብ ለክትትልና ለክትባት አስቀምጡት። ትርፍ ሪቱክሲማብ ኢንፌክሽን ያመጣል። የመከላከያ ፕሮቲን (ኢሚዩኖግሎቡሊን) ይወርዳል፤ ከወራት በኋላም ኒውትሮፊል (ኢንፌክሽን የሚከላከለው ነጭ የደም ሴል) ያለ ምክንያት የሚወድቅበት ሁኔታ አለ።

አሁን ሄፓታይተስ ቢ፤ ከሁሉ ነገር ይልቅ እዚህ ላይ አትዘናጉ። ሰርፌስ አንቲጅን (የቫይረሱ ቅርፊት) ነጌቲቭ፣ ኮር አንቲቦዲ (ሰውነት ለቫይረሱ የሠራው መከላከያ) ፖዘቲቭ ከሆነ ቫይረሱን ቀድሞ አሸንፎት በጉበቱ ውስጥ ተኝቶለታል ማለት ነው። ሪቱክሲማብ ጠባቂውን ሲያነሣ ቫይረሱ ይነቃል። የአሜሪካ የመድኃኒት ቁጥጥር በ2013 ይህንን ከባዱን ማስጠንቀቂያ ጥቅሉ ላይ አስቀምጦበታል፤ ጉበት እስከ መውደቅና ሞት ያደርሳል። ብዙ ጊዜ የሚመጣው ሕክምናው ካለቀ ከወራት በኋላ፣ ሁሉም «ዳነ» ብሎ የቫይረሱን መከላከያ ኪኒን ካቆመ በኋላ ነው። ስለዚህ የቫይረሱ መጠን አሁኑኑ ይለካ፤ ኪኒኑ ከሪቱክሲማቡ በፊት ይጀመር፤ የመጨረሻው ሪቱክሲማብ ካለፈ በኋላ ከ12 እስከ 18 ወር ይቀጥል፤ ከቆመም በኋላ የጉበት ምርመራ ለአንድ ዓመት በየ3 ወሩ ይደረግ። ኪኒኑ የትኛው ይሁን? አገር ውስጥ በብዛት የሚገኘው ቴኖፎቪር 300 ነው፤ ግን ከሲስፕላቲን ጋር ሆኖ ኩላሊት ሊጎዳ ይችላል። ኢንቴካቪር 0.5 ሚሊግራም በቀን አንዴ፣ ምግብ ከመብላት 2 ሰዓት ቀድሞ ወይም ቆይቶ መውሰዱ ለእርሱ የተሻለ ነው። ደም ከተሰጠው በኋላ የሚወሰድ የኮር አንቲቦዲ ምርመራ ከለጋሹ የመጣውን አንቲቦዲ ሊያሳይ ስለሚችል፣ የአሁኑን ውጤት ወረቀት በደንብ ያዙት። የአንጀት ትል ስትሮንጂሎይድስ ምርመራም ይጨመርበት፤ ከፍተኛ ስቴሮይድ ሲሰጥ ወደ ሳንባና ደም ይወጣል፤ በአይቨርሜክቲን ይታከማል።

ወደ ሕንድ ስትሄዱ የመጀመሪያውም የአሁኑም ናሙና የፓራፊን ብሎክ (ናሙናው በሰም ውስጥ የተቀመጠበት) አብሮ ይሂድ፤ ስላይድ ብቻ ይዘው ሄደው እዚያ ሲዲ20 እንደገና ለመሥራት የተቸገሩ ብዙዎች ናቸው። የአር-ቾፑን እያንዳንዱን መጠንና ቀን፣ የሲቲ ምስሎቹን በሲዲ፣ የሄፓታይተስ፣ የኤችአይቪና የቲቢ ውጤቶችን ያዙ። የመሰብሰቢያው ዙር፣ ንቅለ ተከላውና ማገገሚያው ተደምሮ ሦስት ወር ገደማ ስለሚሆን ቪዛውንና የአስታማሚውን ቤት ኪራይ በዚያ ልክ አስሉ።

መመለስን አታቻኩሉት። ካርሙስቲን የሳንባ ቁጣ የሚያመጣው ከሳምንታት እስከ ወራት ቆይቶ ነው። ደረቅ ሳልና ደረጃ ሲወጣ የትንፋሽ ማጠር ይጀምረዋል፤ በስቴሮይድ ቶሎ ከተያዘ ይመለሳል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2300 ሜትር በላይ ስለሆነች ይህ ችግር እዚህ ከቆላ ይልቅ ጎልቶ ይሰማዋል። «ለአየሩ ስላልለመደ ነው» ተብሎ ሁለት ሳምንት መጠበቅ አይገባም፤ የደም ኦክስጅን ይለካ፣ የደረት ሲቲ ይነሣ።

ቤት ከገባ በኋላ ቢያንስ ለ3 ወር ጥሬ ሥጋና ለብለብ ክትፎ፣ ያልፈላ ወተትና ከእርሱ የወጣ አይብ፣ ያልታጠበ ቅጠል ይቅር። ጠበል የሚሄድ ከሆነ ማዕከላዊ ቱቦው (ትልቁ ደም ሥር ውስጥ የገባው) ሳይወጣ መጠመቅ የለበትም። መቼ እንደሚችል ከሐኪሙ ጋር ቀን ይቁረጥ፤ ተደብቆ ከሚደረግ ይህ ይሻላል። ዳማከሴም ሆነ ሌላ የሚጠጣ ባሕላዊ መድኃኒት ጉበቱ ላይ የሚያመጣው ለውጥ ሄፓታይተሱ ነቃ ወይስ አልነቃም የሚለውን ያደባልቃል። አሲክሎቪር እስከ አንድ ዓመት፣ ኮትሪሞክሳዞል እስከ 6 ወር ገደማ ይቀጥላል። የልጅነት ክትባቱ ሁሉ ስለሚጠፋ ሕያው ያልሆኑት ከ6 ወር ጀምሮ እንደገና ይሰጣሉ፤ ሪቱክሲማቡ ቅርብ ከሆነ ክትባቱ ስለማይይዝ ትንሽ ማዘግየት ይቻላል። ቢጫ ወባና ኩፍኝ የመሳሰሉት ሕያው ክትባቶች ከ24 ወር በፊት አይሰጡም፤ ለጉዞ የቢጫ ወባ ካርድ ቢጠየቅ ከሐኪም የክልከላ ደብዳቤ ይወሰዳል።

ከሆስፒታሉ ስትወጡ የመውጫ ሪፖርቱ ላይ አራት ነገር መኖሩን በዓይናችሁ አረጋግጡ፦ የመጨረሻው ሪቱክሲማብ የተሰጠበት ቀን፣ የገባለት የሲዲ34 መጠን፣ የካርሙስቲን መጠን (ወይም ምን እንደተተካ)፣ እና የሄፓታይተሱ ኪኒን የሚቆምበት ወር። አዲስ አበባ የሚቀበለው ሐኪም ክትትሉን የሚያቅደው በእነዚህ ነው፤ ከአገር ከወጡ በኋላ በኢሜይል ለማግኘት ሳምንታት ይወስዳል።